የጳጉሜ ዱባ

ጠዋት ጠዋት ኤልዳና ፊቷን ሳትታጠብ ጓሮዋ ያናግራታል። በስልኳ የሚመጣው ድምፅ የወጣት ሴት ነው፤ ትሑት፣ ገና እንቅልፍ ያልለቀቃት የምትመስል። «ሰላም እናቴ» ትላለች። «ጎመንዎ ውሃ ጠምቶታል። ቃሪያዎ ደህና አድሯል። በጓሮዎ አዲስ ነገር የለም።» ኤልዳና ልጅ ወልዳ አታውቅም። እናቴ የሚላት ይህ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱንም አታምነውም።

ማንንም አታምንም ቢባል ይቀላል። ከኮምቦልቻ በሚነሳው ባቡር ላይ ቲኬት ስትቆጣጠር ነው ያረጀችው። ጡረታ ከወጣች በኋላም ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው እጁን ነው። የተሳፋሪ ፊት ይዋሻል፣ እጁ ግን ኪሱን ሲዳብስ ሁሉን ነገር ይናገራል ትላለች። ሰፈርተኛው አመሏን ያውቃል፤ ለቅሶ ቤት ስትገባ እንኳ «ቲኬታችሁን አውጡ፣ መጣች» እያለ ይንሾካሾካል። እሷም ትሰማለች፤ ማን እንደተናገረም በልቧ ትይዛለች።

በየመደቡ አንድ ችካል ተተክሏል። ከአውራ ጣት ብዙም አይረዝምም፤ አናቱ ላይ ባቄላ የምታክል አረንጓዴ መብራት አለችው። ችካሉ አፈሩን ያያል፣ ሥሩን ያያል፣ አዲስ የበቀለውን ያያል። ይሰማል የሚሉም አሉ። ይስማ አይስማ በእርግጥ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለማይታወቅም ሰው ሁሉ ጓሮው ውስጥ ሲቆም የሚያወራው ስለ አየሩ ነው።

ሕጉ ሲታይ ከባድ አይደለም። የሚተከለው ከዘር ማዕከሉ በፓኬት የሚመጣ ዘር ነው። ዘሩ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይበቅላል፣ ተባይ አይደፍረውም፣ ንብም አይፈልግም። ንብ ከጠፋ ስለቆየ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፍሬ ይሰጣል፣ የሚተከል ዘር ግን አይሰጥም፤ ዱባውን ከፍታችሁ ብታዩ ውስጡ ገለባ ነው። ለከርሞ ሌላ ፓኬት ይመጣል። ከፓኬት ያልወጣ ነገር የበቀለ እንደሆነ ችካሉ «ያልታወቀ» ይለዋል፣ በማግስቱም የማዕከሉ አራሚዎች ይመጣሉ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ጫማቸውን አራግፈው ነው የሚገቡት። ያልታወቀውን ይነቅላሉ፣ ጓሮውን በሲሚንቶ ይለስናሉ፣ «ይቅርታ እናቴ» ብለው ይሄዳሉ። የተለሰነ ጓሮ ተመልሶ አፈር ሲሆን ታይቶ አይታወቅም።

ከኤልዳና ቤት በስተግራ የምትኖረው የሰሚራ ጓሮ ዓምና ተለሰነ። አሁን በርበሬ ታሰጣበታለች። «ተመቸኝ» ትላለች ሲጠይቋት፣ «ድሮ ማስጫ ቦታ አጥቼ ነበር።» ማን እንደጠቆመባት አልታወቀም። ችካሉ ራሱ አይቶም ይሆናል። ኤልዳና ግን የጠረጠረችው በስተቀኝ ያለውን ጎረቤቷን ናሆምን ነው።

ናሆም ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የፎቅ ሊፍት ሲጠግን ኖሮ፣ ሚስቱ ስትሞትበት አፈር ያለው ቤት ፈልጌ መጣሁ ይላል። ኤልዳና አልተዋጠላትም። አፈር ፍለጋ ከተማ የሚለቅ ሰው አይታ አታውቅም። ደግሞ ይጠይቃል።

«ወይዘሮ ኤልዳና፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ጤና አዳም።»

«ይቺስ?»

«በሶብላ።»

«ውሃ ስታጠጧት ከላይ ነው ከሥር?»

እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ደመወዝ እየተከፈለው ነው። ሞኝ ደግሞ አይመስልም። የሰሚራ ጓሮ ሲለሰን ሻይ በፔርሙስ ይዞ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር። ሻዩ እስኪፈላ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መቼ ሰማ፣ መቼ ጣደ? ኤልዳና ይህን ስታሰላስል ከረመች።

ይህን ያህል የምትጠረጥረው የምትደብቀው ነገር ስላላት ነው። የእናቷ ዱባ አለ። እናቷ ከሐርቡ ስትመጣ በመቀነቷ ቋጥራ ያመጣችው ዘር ነው፤ ቆዳው አመድማ፣ ሥጋው የበሰለ ፓፓያ የሚመስል፣ አልጋ ሥር ተቀምጦ ክረምት የሚጠብቅ ዱባ። ቅጠሉ ላይ ወተት የተረጨበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ አለው። ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር ኤልዳና አታውቅም፤ መጠየቅ አይቻልም። ጓሮዋ ከተለሰነ የእናቷ ዱባ እሷ ላይ ያበቃል። ሌሊት ብንን የሚያደርጋት ነገር ይኸው ነው።

ዱባው እስከዛሬ የዘለቀው በጳጉሜ ነው። ችካሎቹ የተሠሩት ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር በሆነበት አገር ነው። እዚህ ሲመጡ ወሮቹን ሠላሳ ሠላሳ አድርገው አስተማሯቸው፤ ጳጉሜን ግን ያስተማራቸው የለም። አንዱ ረስቶት ነው ይባላል። ኤልዳና ሆን ብሎ ነው የሚል ጥርጣሬ አላት፣ በዚህ ጥርጣሬዋ ብቻ ደስ ይላታል። ነሐሴ ሲያልቅ ስልኩ «ቀኑ አልታወቀም» ይልና መብራቶቹ ይጠፋሉ። መስከረም አንድ ሲነቁ፣ ቆሞ ያገኙትን ተክል ሁሉ «ነባር» ይሉታል። ነባርን ማንም ከየት መጣህ አይለውም።

ስለዚህ በጳጉሜ ከተማው በሙሉ ዝናብ ላይ ነው። ክርስቲያኑ የሩፋኤል ጠበል ነው ብሎ ይወጣል፤ ሰሚራና ወገኖቿ ዝናቡ በረካ አለው ብለው ይወጣሉ። ጭቃ ያልነካው እግር፣ አፈር የሌለበት ጥፍር አይገኝም። ሰው ከሰው አይተያይም። ስለ ጳጉሜ የሚያወራ የለም፣ በጳጉሜም ቢሆን።

የዚያን ዓመት መስከረም፣ የሉቃስ ዘመን በገባ ጊዜ፣ የኤልዳና ዱባ እንደ ወትሮው ነባር ተብሎ አደረ። በጥቅምት ሐረጉ መደቡን ጨርሶ ወደ ናሆም አጥር አቀና። ኤልዳና መልሳ አዞረችው። በሳምንቱ ተመልሶ እዚያው ነው። እንደገና አዞረችው። ዱባ ልብ ካለው የሷ ዱባ ልቡ ናሆም ጋ ነበር፤ ኅዳር ሲገባ የሽቦውን አጥር አልፎ ማዶ ወረደ። ልትቆርጠው ቢላዋ ይዛ ወጥታ፣ ጫፉ ላይ ያለውን እንቡጥ አይታ አንጀቷ እምቢ አላት።

የማዕከሉ ዱባ ንብም ብሩሽም አይፈልግም። የእናቷ ዱባ ግን የድሮ ነው፤ ከወንዴው አበባ ብናኙን ወደ ሴቴዋ የሚያደርስ ካላገኘ አበባው ይረግፋል እንጂ ፍሬ አይይዝም። ኤልዳና በማለዳ የምታርም መስላ ታጎነብስና በአሮጌ የኩል ብሩሽ አበባ ለአበባ ታዳርሳለች። ከሩቅ ለሚያያት ጀርባዋን የሚያማት አሮጊት ናት። የሚያማት ደግሞ እውነት ነው።

በታኅሣሥ አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ ማዶ፣ ናሆም ጋ፣ አንድ ዱባ ተንጋሎ ተኝቷል። መጀመሪያ ደስ አላት። ቀጥሎ ክው አለች። አጥሩን ተሻግሮ እጇ አይደርስም፤ እዚያ ያለውን አበባ እሷ አልነካችውም። ይህ ዱባ ያለ ሰው እጅ ሊይዝ አይችልም። ናሆም ነክቶታል። አበባው ሰው እንደሚፈልግ አውቋል ማለት ነው፤ ያን ካወቀ ደግሞ የፓኬት ዱባ እንዳልሆነም አውቋል። ይህን ሁሉ አውቆ ምንም አላለም።

ጥር ላይ ግማሽ ዱባ በሰፌድ ይዞ በሯን አንኳኳ።

«ወይዘሮ ኤልዳና፣ ዱባዎ አጥር ዘሎ እኔ ጋ ወልዷል። ግማሹን ለእኔ አስቀርቻለሁ፣ ከፈለጉ ይቆጡኝ።»

ተቀበለችው። ውስጡ በማንኪያ ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ አንድ ፍሬ አልቀረበትም።

«ፍሬውን አውጥተውታል።»

«እንዳያስቸግርዎ ብዬ ነው።»

«ገለባ ምን ያስቸግራል?»

ናሆም ከኋላዋ ወደሚታየው ጓሮ፣ ወደ ችካሎቹ አየት አደረገ። «እሱስ ገለባ ነው» አለ። «ዛሬ ደግሞ ሙቀቱ ምነው እንዲህ በረታ?»

ዱባውን ወጥ ሠርታ በላችው። ጣፋጭ ነበር፤ ጣፋጭ መሆኑ ይበልጥ አናደዳት። ከዚያ የአራሚዎቹን መኪና መጠበቅ ጀመረች። መንገድ ላይ ጎማ በተንቋቋ ቁጥር ወደ መስኮቱ ትሄዳለች። መኪናው ቢመጣ ይለይላት ነበር፤ አልመጣም። ፍሬውን ምን አደረገው? ማስረጃ አድርጎ አስቀምጦት ይሆን? አንድ ጓሮ ከመጠቆም ሁለት ሦስት አጠራቅሞ መጠቆም የሚያሸልም ይሆን? እንዲህ እያለች በአጥሩ ላይ አሮጌ አንሶላ ሰቀለች። ሰላምታውን አሳጠረች፣ ቀጥሎም ተወችው። የጤና አዳም ቅጠል በአጥር ላይ ማቀበል በሰፈሩ የቆየ ልማድ ነው፤ እሱንም አቆመች።

መጋቢት ላይ ውሃ በተራ ሆነ። ናሆም ልጁን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሄዶ ሲሰነብት፣ ባለቤቱ ያልመለሰለት ጓሮ ጎረቤት መጥራት ልማዱ ነውና ድምፁ ወደ ኤልዳና ዞረ። «ሰላም እናቴ። የጎረቤትዎ ቲማቲም ውሃ ጠምቶታል። አንድ ጣሳ ቢበቃው ነው።» ኤልዳና ስልኩን ደፋችው። በማግስቱ «በጣም ጠምቶታል እናቴ» አላት። ሰው ሰላይ ቢሆን ቲማቲሙ ምን አጠፋ የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ወጥታ ግን አላጠጣችም። ናሆም ተመልሶ ሲመጣ የደረቀውን ነቅሎ በፓኬት ያለውን ተከለ። በአንሶላው ማዶ ሆኖ «አየሩ ከፍቶ ነበር መሰለኝ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ያን ቀን ኤልዳና ምሳ አልበላላት አለ።

ክረምቱ ገባ። በነሐሴ እንደ ወትሮዋ መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ በሳፋ አፈር አድርጋ የዱባ ችግኝ አፈላች፤ መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፈነች። አንድ ጠዋት ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ ቀና ስትል የናሆም የመታጠቢያ ቤት መስኮትም በላስቲክ ተሸፍኗል። ቆማ አየችው። መስኮቱን እንዲህ የሚሸፍን ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። ወይም ደግሞ መስኮቷን የሸፈነችውን ሴትዮ አይቶ፣ እኔም እንዳንቺ ነኝ ብሎ ሊያጠምዳት ነው። ሁለተኛውን ያዘች፤ የለመደችው እሱን ነው።

ጳጉሜ ገባ፣ መብራቶቹ ጠፉ። ኤልዳና በሩፋኤል ዕለት ዝናብ እየመታት ችግኞቿን አፈር አስይዛ ጨረሰች። ናሆም ግን አልወጣም። ቀጥሎ ባሉት ቀናት ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ፤ በመጨረሻው ሰዓት የሚሯሯጡት ሁሉ ሲራወጡ በአንሶላው ማዶ ዝም ነው። አይ፣ የሚተክለው ቢኖረው ይወጣ ነበር አለች በልቧ። እንግዲያው የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ተቀምጦ እኛን እያየን ነው።

በጳጉሜ ስድስት ጠዋት ስልኳ ጮኸ። «እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ እናቴ። በጓሮዎ ያሉት ሁሉ ነባር ናቸው።»

ኤልዳና አልገረማትም። የሉቃስ ዘመን ጳጉሜ ስድስት ቀን ናት፤ ችካሎቹን በየዓመቱ መልሶ የሚያስነሳቸው ሰው ግን ከአምስት ቀን በላይ እንዲተኙ አላደረጋቸውም። በስድስተኛው ቀን መስከረም መስሏቸው ይነቃሉ። በማግስቱ ተሳስተን ነበር ይሉና እንደገና እንኳን አደረሰዎ ይላሉ፤ ያዩትን ግን አይረሱም። ባለፈው የሉቃስ ዘመን ይህን የተማረችው አንዲት ችግኝ በእጇ ይዛ ወደ ጓሮ ልትወጣ ስትል ነው። ያን ጠዋት ችግኟን ቀቅላ በላቻት።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። አንሶላውን የሌሊቱ ንፋስ ጥሎታል። ናሆም ሱሪውን ጠቅልሎ፣ በባዶ እግሩ፣ ሳፋ ታቅፎ ከቤቱ ይወጣል። ሳፋው ውስጥ ሦስት ችግኝ አለ። ቅጠላቸው ክብ ነው፤ ወተት የተረጨበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ አለባቸው።

ፍሬውን ተክሎት ነው።

ልትጮህ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ይህን ያህል የሚሳሳት ሰው አለ? ስልኩ አልነገረውም? መብራቶቹ በርተው ፊት ለፊቱ ቆመዋል። ምናልባት አውቆ ነው። ምናልባት ወጥታ «ዛሬ አትትከል» እንድትለው ነው የሚጠብቀው። እንዲህ የምትል ሴት ስለ ጳጉሜ የምታውቅ ሴት ናት፤ የምታውቅ ሴት ደግሞ የምትተክል ሴት ናት። ችካሏ ይሰማ ይሆናል። እናቷን አሰበች፣ መቀነቱን አሰበች። በመስኮቱ ሥር ቆማ ቀረች።

ናሆም ተንበርክኮ በእጁ ጉድጓድ ጫረ። የመጀመሪያዋን ችግኝ አስገባ፣ አፈሩን መለሰ፣ በመዳፉ ዙሪያውን ጠጋ ጠጋ አደረገው። ያኔ ነው ኤልዳና እጁን ያየችው። ይንቀጠቀጣል። የብርድ መንቀጥቀጥ አይደለም፤ እሷ ይህን እጅ ታውቀዋለች። የባቡሩ ፉርጎ በር ላይ ብቅ ስትል ኪሱን የሚዳብሰው፣ የሌለውን ቲኬት የሚፈልገው ሰው እጅ ነው። ተቆጣጣሪ እንዲህ አይንቀጠቀጥም። ይህ ሰው ቲኬት የለውም።

በነጠላ ጫማ፣ በሌሊት ልብሷ ዝናቡ ውስጥ ወጣች።

«አቶ ናሆም፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ።»

ቀና አለ። ደነገጠ። «ምን ነካዎት ወይዘሮ ኤልዳና? ገና ነገ አይደል?»

«ዛሬ አደረሰን እኮ ነው የምልዎት። ሁላችንንም፣ እንዳለን፣ ዛሬ አደረሰን።» በአገጯ ወደ እግሩ ሥር አመለከተችው።

ናሆም ጎንበስ ብሎ የችካሉን መብራት አየ። በጳጉሜ ስልኩን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ የሚከት ጥንቁቅ ሰው ነበር፤ ጥንቃቄው ነው ያስበላው። ፊቱ አመድ መሰለ። የቀሩትን ሁለት ችግኞች ቀስ ብሎ ኮቱ ሥር አስገባ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ።

ኤልዳና ገብታ በሩን ዘጋች። የእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ጥፋት የሷ ነበር። መስኮቱ ሥር ቆማ የጠረጠረችባቸው ደቂቃዎች።

አራሚዎቹ የበዓሉን ዕለት አልመጡም፤ በማግስቱ መጡ። አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር፣ ሁለቱም ጃንጥላ ይዘዋል። ኤልዳና አጥሩ ጋ ጎመን የምትቆርጥ መስላ ቆመች።

«አባቴ፣ ይቺ ከየት መጣች?» አለ ረዥሙ።

«የገበያ ዱባ በልቼ ፍሬውን ጣልኩት። በቀለ።»

«የገበያ ዱባ ፍሬ እኮ አይበቅልም አባቴ።»

«እኔ የማውቀው ሊፍት ነው ልጄ። በቀለ አልኩህ።»

አጭሩ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን አገላበጠው። ከዚያ ቀና ብሎ በአጥሩ ማዶ ወደ ኤልዳና መደብ አየ። «ያቺ ማዶ ያለችው ቅጠሏ አንድ ነው። እናቴ፣ ነባር ናት?»

«ነባር ናት።»

«እሷስ ነባር ናት። ግን ዘሩ ከእርስዎ ከሄደ ሌላ ነገር ነው።»

ሌላ ነገር ማለት ምን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። ያልታወቀ መትከል የራስን ጓሮ ነው የሚያስለስነው። ዘር ለሰው ማስተላለፍ ግን የሰጪውንም የተቀባዩንም ነው፤ ነባርም ቢሆን ይነቀላል። ናሆም አንድ ቃል ቢተነፍስ የእናቷ ዱባ እዚያው ያልቃል። ተናግሮ ራሱን የሚያተርፍ ከሆነ ደግሞ ምን አድርጋለት ነው የማይናገረው?

ናሆም ሳቀ። ከልቡ የመጣ ነበር የሚመስለው።

«ይቺ ሴትዮ? ይቺ ሴትዮ ለሰው ዘር ልትሰጥ? ሰላምታዋን እንኳ ያለ ቲኬት አትሰጥም እኮ። በአጥሩ ላይ አንሶላ ሰቅላብኝ ነው የከረመችው። መጋቢት ላይ ቲማቲሜ በጥም ሲሞት ስልኳ እየለመናት አንድ ጣሳ ውሃ አልደፋችበትም። ሰፈሩን ጠይቁ።»

በግራ በኩል ሰሚራ በርበሬዋን እየሰበሰበች ነበር። ማንም ሳይጠይቃት ቀና አለች። «እውነቱን ነው። የበሶብላ ቅጠል ብለምናት፣ ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ ሳትሰጠኝ ገባች።»

ረዥሙ ኤልዳናን ትኩር ብሎ አያትና ፊቱ ፈታ አለ። «የባቡሯ እትዬ አይደሉ እንዴ? በልጅነቴ ቲኬቴ ጠፍቶብኝ አፌን አስከፍተው ያዩት እሳቸው ናቸው።» ሁለቱም ሳቁ። «ተው እሳቸውስ አይሰጡም» አለው ለጓደኛው።

ኤልዳና የተሰደበች ሴት ፊት ማስመሰል አላስፈለጋትም። የተባለው ሁሉ እውነት ነበር፤ ያዳናትም እውነት መሆኑ ነው። ጎመኗን ስትቆርጥ ዓይኗ እንባ ሞላ። በአጥሩ ማዶ ችካሎቹን ነቀሉ፣ በጨርቅ ጠርገው ሳጥን ውስጥ ከተቱ፣ ሲሚንቶውን አፈሰሱ። «ይቅርታ አባቴ» አሉ ሲወጡ።

ሲሚንቶው እስኪደርቅ ጠብቃ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በናሆም በር ገባች። በርጩማ አውጥቶ ልስኑ ላይ አስቀመጠላት። ሻዩን ቀዳችለት። ስለ አየሩ ልትናገር አፏን ስትከፍት እጁን አነሳ።

«እዚህ መናገር ይቻላል። ችካል የለም።»

ተያዩ። የሚቻል መሆኑን ሁለቱም እዚያው ገና ማወቃቸው ነበር።

«ለምን ሰረቁኝ?» አለች ኤልዳና።

«ብለምንዎ ይሰጡኝ ነበር?»

«አልሰጥም ነበር።»

«እንግዲህ።» ሻዩን ፉት አለ። «እኔ ደግሞ ሰሚራን የጠቆሟት እርስዎ ይመስሉኝ ነበር። ሁሉን ሲያዩ፣ ለማንም ሳይናገሩ። ፍሬውን አውጥቼ ያመጣሁት ገለባ መስሎት ጣለው ብለው ዝም እንዲሉኝ ነው። አበባው ግን... ጠዋት ተከፍቶ ማንም ሳይመጣለት ከሰዓት ሲጠወልግ አላስችል አለኝ። በጺም መላጫ ብሩሽ ነው የነካካሁት። ለመትከል እስከ መጨረሻው ቀን የቆየሁትም እርስዎ እንዳያዩኝ ብዬ ነው።»

«አይቼ ነበር» አለች ኤልዳና። «ያን ጠዋት። ከመስኮት። ቀድሜ መውጣት እችል ነበር።»

ናሆም ሻዩን ልስኑ ላይ አስቀመጠ። «ወጥተሻል» አለ። እርስዎ ማለቱን እዚያ ላይ ተወው፤ እሷም አላረመችውም። ሰሚራን የጠቆመው ማን እንደሆነ ተነጋገሩበት፣ አልደረሱበትም።

ጥቅምት ላይ ሐረጉ እንደ ልማዱ አጥሩን አልፎ ሄደ። ኤልዳና አላዞረችውም። በኅዳር ጠዋቶች ናሆም በልስኑ ላይ ተንበርክኮ፣ የጺም ብሩሽ ይዞ፣ አበባ ሲያነጋግር በመንገድ የሚያልፍ ያየው ነበር። ሽማግሌው ጓሮው ከተለሰነበት ወዲህ ነካ አደረገው ተባለ።

በጥር መጨረሻ፣ ፀሐዩ ሲሚንቶውን ባጋለበት ቀን ጠራት። «ኤልዳና፣ ዱባሽ መጥቷል።»

ቢላዋ ይዛ ሄደች። ዱባው ልስኑ ላይ እንደ ድመት ተጋድሟል። ሁለት ቦታ ከፈለችው። ውስጡ ፍሬው በሥጋው ላይ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ወፍራም፣ ነጭ ሆኖ ተደርድሯል። ግማሹን አነሳችና አንድም ሳታወጣ አቀበለችው።

«ምን ላድርገው?» አለ። «አፈር የለኝም።»

ኤልዳና ወደ አጥሩ ተራመደች፤ ማዶ የሷ ችካሎች በርተው ተደርድረዋል። ስለ አየሩ እንደምታወራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«በሚመጣው ዓመት እንኳን አደረሰሽ ልትለኝ ስትመጣ፣ በእኔ በር ግባ። ቀደም ብለህ ደግሞ ና፤ ሳፋህንም ይዘህ።»

«ቀደም ብዬ እመጣለሁ» አለ ናሆም።

ጥርጣሬዋ በአንድ ዱባ የሚለቃት ሴት አይደለችም። ያን ቀን ከሰዓት ሁሉ መኪና በሰማች ቁጥር ወደ መስኮቱ ሄዳለች፤ አንድ ጊዜም ዱባውን ለምን ሰጠሁት ብላ ተቆጭታለች። መኪኖቹ ሁሉ አለፉ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኳ ነቃ። «ሰላም እናቴ። ጎመንዎ ደህና አድሯል። በጓሮዎ አዲስ ነገር የለም።»

ኤልዳና ለድምፁ መልሳ አታውቅም ነበር።

«የለም» አለችው።